ቫይረስ አይደለም፣ አማርኛ ነው

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ የነበሩት ጋሼ ካረፉ ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው። የእድሩን መዝገብ ለሃያ ዓመት ያህል በኮምፒውተር ሲይዙ የኖሩ ሰው ነበሩ። ማን አባል እንደሆነ፣ ማን የወሩን መዋጮ እንደከፈለ፣ ማን ቅጣት እንዳለበት፣ ድንኳኑና ወንበሩ ስንት እንደሆነ፣ የውስጥ ደንቡ በየትኛው ስብሰባ እንደተሻሻለ፣ ሁሉም አንድ ፍላሽ ውስጥ ነው ያለው። ሰሞኑን የአንዲት አባል ባለቤት አረፉና ጭቅጭቅ ተነሳ። ኮሚቴው «ሟች የአንድ ዓመት መዋጮ አለባቸው» ይላል። ሴትየዋ ደግሞ «ለጋሼ በእጄ ነው የሰጠሁት» ይላሉ። ደረሰኝ የለም። ያለው ፍላሹ ብቻ ነው።

«አንተ ከኮምፒውተር ጋር ስለምትውል እስቲ ክፈትልን» ተባልኩና ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ፣ ሁለት ነጥብ የተሸከመች ኦ፣ ሞገድ ያረፈባት ኤን፣ የፓውንድ ምልክት፣ የዲግሪ ምልክት፣ ተገልብጦ የቆመ ጥያቄ ምልክት። ገጽ በገጽ እንደዚያ ነው። ከኮሚቴው ወጣቱ አባል አየት አደረገና «በቃ፣ ቫይረስ በልቶታል። ፎርማት እናድርገውና ቢያንስ ፍላሹን እንጠቀምበት» አለ። እጁን ያዝኩት።

ቫይረስ አልነበረም። የጋሼ አማርኛ ነበር።

ይሄ ነገር የኛ እድር ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ እዚህ አምድ ላይ ባላመጣሁት። ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። የአባታችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአጎታችሁ ያልታተመ መጽሐፍ፣ የቀበሌው መዝገብ፣ የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፣ የድሮ ትምህርት ቤታችሁ ፈተና የተጻፈው በምንድን ነው? ኮምፒውተር አገራችን ከገባ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተጻፈው አማርኛ፣ ትግርኛና ግዕዝ አብዛኛው እንደ ጋሼ ፋይል ነው የተቀመጠው። ለዓይን ፊደላችን ነው፣ ለማሽኑ ግን የፈረንሳይና የስፔን ፊደል ቅልቅል ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ፋይሉን የሚያጠፋው ቫይረስ አለመሆኑ ነው። የምናጠፋው እኛው ነን፤ «ተበላሽቷል» ብለን።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። አትሰልቹ፣ ታሪኩ ከምታስቡት በላይ ይጥማል።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ «ይሄ ቁጥር ይሄ ፊደል ነው» የሚል የስምምነት ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። በ1963 አሜሪካኖች አስኪ የሚባለውን ሰንጠረዥ አወጡ። 128 ቦታ ነበረው። ከነዚህ ውስጥ 33ቱ ፊደል አይደሉም፣ ትእዛዝ ናቸው። ዘመኑ የቴሌታይፕ ዘመን ነዋ! ቁጥር 7 ስትልክ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማሽን ደወል ይደውላል። ቁጥር 10 ወረቀቱን አንድ መስመር ያንቀሳቅሳል። ቁጥር 13 የማሽኑን ጭንቅላት ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል። ቁጥር 127 ደግሞ መሰረዣ ነው። ለምን 127 ሆነ? በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ የተጻፈን ስሕተት መልሶ መድፈን አይቻልም። የሚቻለው ሰባቱንም ቀዳዳ መብሳት ነው፤ ሰባቱም ሲበሱ ደግሞ ቁጥሩ 127 ይሆናል። ማሽኑ ያንን ሲያይ «ይሄ ተሰርዟል» ብሎ ያልፋል። ዛሬ ስልካችሁ ላይ አዲስ መስመር ስትጀምሩ የምትልኩት ያንኑ ቁጥር 10 ነው። ወረቀቱ የለም፣ ትእዛዙ ግን አለ።

የቀሩት 95 ቦታዎች ለእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለቁጥርና ለምልክት ሆኑ። ፈረንሳዩስ? ጀርመኑስ? መጀመሪያ የታሰበላቸው መፍትሔ እንደ ጽሕፈት መኪና ነበር። ፊደሉን ጻፍ፣ በቁጥር 8 ትእዛዝ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ከላዩ ጭረቱን ደርብበት። ወረቀት ላይ ያስኬዳል። ስክሪን ላይ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። ከዚያ እያንዳንዱ አገር ከሰንጠረዡ ላይ ብዙም አይፈለጉም የተባሉትን ምልክቶች እያነሳ የራሱን ፊደል መተካት ጀመረ። ስዊድኖች የጠማማ ቅንፎቹን ቦታ ለራሳቸው ነጥብና ክብ ለተሸከሙ ፊደላት ሰጡ። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? የስዊድን ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን ሲከፍቱ ቅንፍ በሚገባበት ቦታ ሁሉ የስዊድን ፊደል ተደርድሮ ያዩ ነበር። አንዱ ቁጥር፣ እንደ አገሩ፣ ሁለት ትርጉም ያዘ ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ሰንጠረዡ ወደ 256 ቦታ ሰፋ። በ1987 ላቲን-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣና የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ቦታ አገኙ። ቢሆንም ከ128 እስከ 159 ያሉት 32 ቦታዎች እንደገና ለትእዛዝ ተያዙ። ፈረንሳዮች ደግሞ «ኦ» እና «ኢ» ተጣብቀው የሚጻፉባት ፊደላቸው ተረሳችባቸው። እሷን ከነዩሮ ምልክቱ የሚያካትት ሌላ ደረጃ እስከ 1999 መጠበቅ ነበረባቸው። ማይክሮሶፍት በበኩሉ «ትእዛዞቹን ማን ይጠቀምባቸዋል» ብሎ ከ32ቱ ቦታዎች በአብዛኞቹ ላይ የራሱን ምልክቶች አሰፈረባቸው። አሁንም ድረስ አንድ ድረ ገጽ «እኔ ላቲን-1 ነኝ» ካለ፣ ብራውዘራችሁ በማይክሮሶፍቱ ሰንጠረዥ ነው የሚያነበው። ደንቡ ራሱ እንደዚያ እንዲያደርግ ያዘዋል፤ ስሕተቱ ከመብዛቱ የተነሳ ደንብ ሆነ!

ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ለወሬ አይደለም። እነ ፈረንሳይ እንኳ፣ ኮሚቴው ውስጥ ወንበር ይዘው፣ አንዲት ፊደል ከተረሳችባቸው፣ ኮሚቴው ውስጥ ያልነበርነው እኛ ምን እንደሆንን ገምቱ።

የኛ ፊደል ሒሳቡ ከባድ ነው። ሠላሳ ሦስት በሰባት 231 ነው። እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋ፣ ጓ ይጨመሩ። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ አሉ። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 የግዕዝ ቁጥሮች አሉ። ሲደመር ወደ 300 ይጠጋል። በላቲን-1 ሰንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ለሚታይ ነገር የተፈቀደው ቦታ 191 ብቻ ነው። አይገባም። በቃ፣ አይገባም።

ታዲያ የኛ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ብልሃት ፈጠሩ። ኮምፒውተሩ ሳያውቅ ልብሱን ቀየሩበት። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ጭረት ያለባት የላቲን ኤ እንደሆነች ትቀራለች፣ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ «ሐ» ወይም «ቆ» ይስላል። ፊደሉ አልገባ ሲል ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈሉት፤ ዋናው እዚህ፣ ቁጥሩ እዚያ። አንዳንዶቹ ደግሞ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪናን እንደሠሩበት መንገድ፣ የፊደሉን ግንድና ቅጥያ ለየብቻ አስቀምጠው ሲጻፍ እንዲገጣጠሙ አደረጉ። እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን ያላየ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አልነበረም። ከጋዜጣ እስከ ሠርግ መጥሪያ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ እስከ ፍርድ ቤት ክስ የተጻፈው በዚህ ብልሃት ነው። እኔ በዚህ ሥራ አላፌዝም። ያለሱ ያ ሁሉ ዓመት በላቲን ፊደል ስንጽፍ በኖርን ነበር።

ግን ብልሃቱ ሁለት ጣጣ ነበረው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ሰንጠረዥ አወጣ። አንዱ «ሐ»ን ባስቀመጠበት ቁጥር ሌላው «ጉ»ን አስቀመጠ። ስለዚህ ፎንቱ ከሌለህ ፋይሉ የለህም። ሁለተኛው ጣጣ ይበልጣል፤ ኮምፒውተሩ አማርኛ እየጻፍክ መሆኑን አያውቅም። እንግሊዝኛ እየመሰለው የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ወደ ትልቁ ፊደል ይቀይርልሃል፣ ፊደልህ ሌላ ፊደል ይሆናል። ኢሜይል ውስጥ ስትለጥፈው ከ128 እስከ 159 ያሉትን ቁጥሮች «ትእዛዝ ናቸው» ብሎ የሚጥል ፕሮግራም ሲገጥምህ የቃልህ መሃል ይጎድላል። «ውል» ብለህ ብትፈልግ አያገኝም፣ ፋይሉ ውስጥ «ውል» የሚባል ነገር የለማ። ዓይነ ሥውር ወንድማችን በድምፅ ማንበቢያ ሊያስነብበው ቢሞክር የሚሰማው የፈረንሳይኛ ዝባዝንኬ ነው። ጎግል አያገኘውም። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያወራለት ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ከሱ አንድ ቃል አማርኛ ሊማር አይችልም። እንግዲህ አማርኛ ላይ ለምን ደካማ ሆነ ብለን ስንስቅበት፣ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ይሄ መሆኑን አንርሳ። የጻፍነውን ደብቀንበት ነው።

በመስከረም 1999 ነገሩ ተለወጠ፤ ቀኑ በፈረንጆች ነው። ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ግቢ አገኘ። ከ4608 እስከ 4991 ያሉት ቁጥሮች የኛ ናቸው። «ሀ» 4608 ናት፤ አዲስ አበባም ትሁን ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭም ትሁን ዱባይ 4608 ናት። ይህ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። እነ ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች በወረቀትና በስብሰባ የተከራከሩበት ነው። ቆይቶ ደግሞ፣ በ2005 እና ከዚያም በኋላ፣ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። የጉራጌ ፊደላት ተጨማሪ ቦታ ያገኙት በ2021 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። ጠበቅ አድርገን የምናነበውን ፊደል የሚለየው፣ አናት ላይ የሚቀመጠው ሁለት ነጥብ እንኳ ቦታ አለው። የጌታ ልደት የሆነውን «ገና»ና «ገና ነኝ» የምንለውን «ገና» ለመለየት የሚያገለግለው ማለቴ ነው። የአውሮፓ ጭረት ከፊደል አናት ላይ በሚንጠለጠልበት ሕግ ነው የሚንጠለጠለው።

አሁን ስልካችሁ ላይ የምትጽፉት ሁሉ ዩኒኮድ ነው። በመንገድ ላይ የሚጓዘው ደግሞ ዩቲኤፍ-8 በሚባል አጻጻፍ ነው። ይህንን ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ እራት ሊበሉ ገብተው ሳህን ሥር የሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነው የነደፉት። በዚህ አጻጻፍ አንድ የኛ ፊደል ሦስት ቁጥር ይሆናል። «ሰላም» ስትሉ የሚሄደው እንዲህ ነው፦ 225፣ 136፣ 176፤ 225፣ 136፣ 139፤ 225፣ 136፣ 157።

ተቀባዩ ማሽን ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ካልተነገረውና በላቲን-1 ካነበበው ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። 225 ጭረት ያለባት ኤ ናት። 136 በትእዛዞቹ ሰፈር «እዚህ ጋ የመዝለያ ቦታ አድርግ» ማለት ነው። 176 የዲግሪ ምልክት ነው። 139 «ግማሽ መስመር ውረድ» ነው። የመጨረሻው 157 ደግሞ ይባስ ብሎ «ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጽሑፍ ሳይሆን ለሲስተሙ የተላከ ትእዛዝ ነው» ማለት ነው። ይህንን ሕግ በጥብቅ የሚከተል የድሮ ማሽን «ም» ላይ ሲደርስ የቀረውን ሁሉ ትእዛዝ እየመሰለው ይውጠዋል። እኛ «ሰላም» ብለነው፣ እሱ «ዝለል፣ ውረድ፣ ዝም ብለህ ታዘዝ» ሰማ። አንዱ ፊደል የሚለው ሌላው ትእዛዝ የሚለው ከሆነ መግባባት የለም። ሰውም ያው ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ውሰዱ። የተበላሸ አማርኛ ሲገጥማችሁ በሽታው አንድ አይደለም፣ አራት ነው፤ መድኃኒቱም ይለያያል። ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ካያችሁ ጽሑፉ ደህና ነው፣ መሣሪያው የፊደሉ ፎንት የለውም፣ ሌላ ስልክ ላይ ክፈቱት። ያቺ ጭረት ያለባት ኤ በየጥቂቱ እየተመላለሰች ከሆነ ዩኒኮድ ነው፣ በተሳሳተ ሰንጠረዥ እየተነበበ ነው፣ ፋይሉን ስትከፍቱ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። ጭረቱም፣ ነጥቡም፣ ምልክቱም ሥርዓት በሌለው ሁኔታ የተቀላቀለ ከሆነ የጋሼ በሽታ ነው፤ የድሮ ፎንት ነው፣ ይድናል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካያችሁ ግን አዝናለሁ። አንድ ሲስተም መሃል መንገድ ላይ ፊደሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ጥሎታል። ቁጥሩ ራሱ የለም። ወደ ላኪው ተመለሱ።

«እኛ ወጣቶች እኮ ዩኒኮድ ነው የምንጽፈው፣ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ስልክህን አውጣና የቴሌግራም መልእክትህን መጨረሻ እይ። አራት ነጥብ አድርገሃል? የማጥፊያውን ቁልፍ አንዴ ንካው። ሁሉም ከጠፋ እውነተኛ አራት ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብ ከቀረ ግን አራት ነጥብ ሳይሆን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ነው የጻፍከው። ለዓይን አንድ ነው። ለማሽኑ ግን ሁለት ነጥብ ቃል መለያ ነው፣ አራት ነጥብ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። በየድረ ገጹ እንደዚህ የተጻፈ አማርኛ ሞልቷል፤ ጋዜጦችም አይቀሩም። ፈረንሳዮችም ተመሳሳይ ራስ ምታት አለባቸው። ጭረት ያለባት ኢ እንደ አንድ ቁጥርም ልትጻፍ ትችላለች፣ እንደ ኢ እና ጭረት ሁለት ቁጥርም። ልዩነቱ፣ ለነሱ ዩኒኮድ «ሁለቱ አንድ ናቸው» የሚል ሕግ አውጥቶላቸዋል፤ ፕሮግራሞች ከማነጻጸራቸው በፊት ወደ አንድ ይመልሷቸዋል። ለኛ የተደራረበ ሁለት ነጥብ ግን እንደዚያ ያለ ሕግ የለም። «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»ም ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፊደላቱ በእርግጥ የተለያዩ ስለሆኑ ሕጉ ትክክል ነው፤ አንዱን ጽፎ ሌላውንም እንዲያገኝ ማድረግ የመፈለጊያው ሠሪ፣ ማለትም የኛ ፕሮግራመሮች ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አጭር መልእክት ነው። ኤስኤምኤስ ሲፈጠር 140 ባይት ተመደበለት። በላቲን ፊደል 160 ይይዛል። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የስዊድን ጭረትና ነጥብ፣ የግሪክ ትልልቅ ፊደላት ጭምር አሉ። አንዲት የአማርኛ ፊደል ብታስገባ ግን ሙሉ መልእክቱ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይቀየርና 160ው 70 ይሆናል። መልእክቱ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። ድርጅቶች አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚልኩልን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቱርኮች፣ ፖርቹጋሎችና አሥር የሕንድና የአካባቢው ቋንቋዎች የራሳቸው መቀየሪያ ሰንጠረዥ በደረጃው ውስጥ ገብቶላቸዋል። የኛ የለም፤ እውነቱን ለመናገር 128 ቦታ ባለው ሰንጠረዥ ፊደላችንን ማስገባትም ቀላል አይደለም። ግን ሒሳቡን በደንብ እንሥራው። «ሰላም» በኛ 3 ነው፣ በላቲን 5 ነው። ኪሳራው እንደሚወራው ግማሽ በግማሽ አይደለም። የቀረውን ልዩነት የቴሌኮም ድርጅቶቻችንና ተቆጣጣሪያቸው በዋጋ ሊያስተካክሉት ይችላሉ። የተከፋፈለ የአማርኛ መልእክት እንደ አንድ መልእክት ይቆጠር ብሎ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። አገሪቱ የምትሠራበት ፊደል በአገሪቱ ውስጥ ከላቲን ፊደል መወደድ የለበትም። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይማ ሰበቡ ጨርሶ የለም፤ አንድ ፎቶ የሚፈጀው ዳታ የስንት ወር የአማርኛ ወሬ ይልካል።

ወደ ዋናው ልመለስ። የዩኒኮድ ደረጃ ከወጣ ሃያ አምስት ዓመት አለፈው። ቪስታ ከሚባለው ዊንዶውስ ጀምሮ፣ ከ2007 ወዲህ፣ የኛ ፊደል ፎንት ከነኮምፒውተሩ ነው የሚመጣው። ሆኖም ዛሬም ድረስ በድሮው ፎንት የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች አሉ። የሚሰጡትን ምክንያት አልንቅም። ግራፊክ ዲዛይነሩ «የድሮዎቹ ፎንቶች ሲታተሙ ያምራሉ» ይላል፤ እውነት አለው፣ ጥሩ ጥሩ የፊደል ቅርጾች እዚያ ቀርተዋል። ጸሐፊዋ «እጄ የለመደው ያንን ኪቦርድ ነው» ትላለች፤ እሷም እውነቷን ነው፣ የሃያ ዓመት የጣት ልማድ በአንድ ቀን አይቀየርም። ግን ሁለቱም መልስ አላቸው። የፊደሉ ቅርጽ ወደ ዩኒኮድ ፎንት ሊዛወር ይችላል። የኪቦርዱ አቀማመጥም እንደ ነበረ ሆኖ የሚያወጣው ቁጥር ብቻ ዩኒኮድ ሊሆን ይችላል። የጠፋው ቴክኖሎጂ ሳይሆን «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እንጽፋለን» የሚል ደብዳቤ የሚፈርም ኃላፊ ነው። መንግሥት ሶፍትዌርና የሕትመት ሥራ ሲገዛ «ዩኒኮድ ያልሆነ ሰነድ አልረከብም» ቢል በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ነገር በተስተካከለ ነበር። ቤተ መጻሕፍትና መዛግብት ቤቶችም የወረቀቱን ያህል ለፋይሉ ቢጨነቁ እላለሁ። ወረቀት ምስጥ እንደሚበላው እናውቃለን፤ ፋይልን ምን እንደሚበላው ግን የምናውቅ አይመስልም።

እስከዚያው ድረስ ግን ሥራው የናንተ ነው። ቤት ውስጥ ስልኩ ሲበላሽ የሚጠራው እናንተን አይደል? ስለዚህ የድሮ ፋይል ሲገጥማችሁ አታጥፉ፣ ፎርማት አታድርጉ። መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጡ። በኮምፒውተር ዎርድ ላይ ክፈቱትና ጽሑፉን ነክታችሁ የፎንት ስም የሚጻፍበትን ሳጥን ተመልከቱ፤ ፎንቱ ማሽኑ ላይ ባይኖር እንኳ ስሙ ይታያል። ያ ስም ቁልፉ ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ፣ ያን ጊዜ የፎንቱ ስም ይጠፋል፣ የትኛው አማርኛ የትኛው እውነተኛ እንግሊዝኛ እንደሆነም መለየት አይቻልም። ፎንቱ ከታወቀ ከሱ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም መፈለግ ነው፤ ካልተገኘም ሰንጠረዡ ቁጥር ለቁጥር ስለሆነ ፕሮግራሚንግ የሚማር ጓደኛችሁ በጥቂት ቀን ሊጽፈው ይችላል። ከተቀየረ በኋላ ግን ሰው ያንብበው። በተለይ ስምና ቁጥር። ዋናውን ፋይልም አትጣሉ።

የጋሼን ፋይል እንዲህ ነው ያዳንነው። የፎንቱን ስም አወቅን፣ ፎንቱ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ልጃቸው «የአባዬ አሮጌ ኮምፒውተር ጓዳ ውስጥ አለ፣ ለቆራሌው ልሰጠው ነበር» አለች። ሄድን። አቧራውን አራግፈን፣ ሦስት ጊዜ ሞክረን፣ ተነሳ። ፎንቱ እዚያው ነበር። ሁለት ምሽት ፈጀብን። አንዳንድ ፊደል ተዛብቶ ወጣ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹ ከሌላ ፎንት ስለነበሩ ለብቻቸው አስቸገሩን። ያ «ፎርማት እናድርገው» ያለው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ስም በስም አመሳከረ።

ከዚያ የሟቹን ስም መፈለጊያው ላይ ጻፍኩ። የዓመቱ መዋጮ ተከፍሏል። በሚስት እጅ፣ ከነቀኑ። ከጎኑ ጋሼ «ደረሰኝ አልቆ ስለነበር በሚቀጥለው ይሰጥ» ብለው ጽፈዋል።

ኮሚቴው በማግሥቱ ሴትየዋ ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ የሚገባቸውንም ከፈለ። ያ መስመር ለሁለት ወር ሙሉ እዚያው ፍላሽ ውስጥ ነበር፤ ጭረትና ነጥብ ለብሶ ነበር እንጂ። የናንተ ቤት ፍላሽ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ግን ዛሬ ማታ አውጡና ክፈቱት።